መግቢያው አንድ ልቃቂት

ጉለሌ፣ ግንቦት 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ታረቀኝ፣

ሰላምታ እንዳልዘል እናትህ አጠገቤ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። እንግዲያው እንዴት ነህ? ደህና ነህ ብለን እንለፈው።

እስከ ዛሬ የምትጽፈው ለእሷ ነበር። እኔ ጎረቤት ስለሆንኩና ፊደል ስለቆጠርኩ አንባቢና ጸሐፊ ብቻ ነበርኩ። አሁን «ለወንድሜ ለጌጡ» የሚል ፖስታ ሲደርሰኝ ጉዳይ እንዳለህ ሳልከፍተው ገባኝ። ወንድምህ የምሆነው ማህተም ሲያስፈልግህ ነው ማለት ነው።

የፈለግከውን አውቄያለሁ። ክበባችን በመስከረም በሚያደርገው የካራምቡላ ውድድር ተጋብዘሃል የሚል፣ የቀበሌ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ብልክልህ የወደቡ አለቃህ ከመንገዱ ሌላ አምስት ቀን ፈቃድ ይሰጥሃል። ባልልክልህ እናትህን ሳታያት ሌላ ዓመት ያልፍብሃል። ማህተሙ ያለው ሊቀመንበራችን ጓድ ቶሎሳ ዘንድ ነው፤ እሱ ግን የክበቡ ኃላፊ ያላቀረበለትን አያትምም። የክበቡ ኃላፊ ደግሞ እኔ ነኝ።

በሩን አልዘጋብህም፤ ደንቡን ግን ስማ። ጨዋታው ዙር ነው፣ ሁሉም ከሁሉም ይገጥማል። ሃያ ሰው አለ፣ ጠረጴዛው አንድ ነው፣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። በአምስት ቀን ፈቃድ የመጣ ሰው መሃል ላይ ትቶ ይሄዳል፤ ትቶ የሄደ እንደተሸነፈ ይቆጠራል። መግቢያው ደግሞ ገንዘብ አይደለም። የጠረጴዛው ጨርቅ ተበጣጥሷል፣ ከውጭ የሚመጣው አረንጓዴ ጨርቅ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ ሾዴ «ፈትሉን አምጡልኝ እንጂ አለብሰዋለሁ» ስላለን እያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ልቃቂት ይዞ ይገባል። ቤት የተፈተለ፣ ከእንዝርት የወረደ መሆን አለበት። የፋብሪካ ክር አንቀበልም። አሰብ ላይ እንዝርት የምታሾር ሴት ካገኘህ እንኳን ደስ ያለህ።

ከዚህ በታች ያለው የእናትህ የእትዬ ወለተማርያም ቃል ነው። እንደ ልማዷ ቀለም አስጨርሳኛለች።

«ታርዬ፣ የእኔ ጌታ፣ ያ የምትኖርበት አገር ሙቀቱ በረድ አለ ወይ? ሲያልብህ ቀዝቃዛ ውሃ አትጠጣ። ዓሣ ይበላሉ አሉ፣ ብላ፣ አጥንቱን ግን ተጠንቀቅ። ዶሮዋ ፈልፍላ ነበር፣ አንዱን ጫጩት ጭልፊት ወሰደው፣ ሌሎቹ አሉ። በራችን ዛሬም ሲጢጥ ይላል፤ ጌጡ እሠራዋለሁ ካለ ሁለት ፋሲካ አለፈ። ይኸው ይህን ስናገር አኮረፈ። ስድብ ሲጽፍልህ ከንፈሩን ይነክሳል፣ ቅድም ሲጽፍ ነክሶት ነበር፤ አንተ አትመልስለት።»

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣
ጌጡ ስብሐት፣ የመዝናኛ ክበብ ኃላፊ


አሰብ፣ ሰኔ 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ጌጡ፣

እናቴ አትመልስለት ብላለች። እመልሳለሁ።

ሃያ ተወዳዳሪ? በእኛ ሰፈር ስቴካ በቅጡ የሚይዝ ስድስት ሰው ቢገኝ ነው፣ ያውም እኔን ጨምሮ። የቀረው ስቴካውን እንደ መጥረጊያ ነው የሚይዘው። ዙር ያደረግከው እኔ እንዳልጨርስ ብለህ መሆኑን ልጅም አይስተውም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጥሎ ማለፍን ነው፤ የተሸነፈ ይወጣል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ በሦስት ቀን ያልቃል። አባትህ በቡና ቤታቸው ሲያወዳድሩ ጥሎ ማለፍ ነበር። እሳቸው ሲያጫውቱ አኩርፎ የወጣ ሰው አላየሁም።

የልቃቂቱን ነገር ሳነበው ሳቅኩ። የወደብ ሠራተኛ ተደራርቦ በሚያድርበት ሰፈር እንዝርት ፍለጋ በየበሩ ስዞር ታየኝ። ከዚያ ግን ሳቁ ለቀቀኝ። በገንዘብ አስከፍለኝ፣ የፈለግከውን ጥራ። እንዳልመጣ ከፈለግክ ደግሞ በግልጽ «አትምጣ» በለኝ፤ በጥጥ አትሸፍነው።

ለእናቴ ይህን አንብብላት፣ ድምፅህን ሳታከር።

«እማዬ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አልጠጣም። ዓሣውንም ለምጄዋለሁ። ጫጩቱን ነግረሽኝ ሳልሽን ዘለልሽው። ወረፋው ረጅም ነው ብለሽ እንዳትቀሪ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል ሂጂና ታዪ። በመስከረም እመጣለሁ፤ ጌጡ ወደደም ጠላም እመጣለሁ።»

ታረቀኝ


ጉለሌ፣ ሰኔ 25 ቀን 1974 ዓ.ም.

ታረቀኝ፣

አባቴን ባታነሳ ኖሮ መልስ አታገኝም ነበር። አንስተኸዋልና ስማኝ።

ቡና ቤታችን ሲወረስ በር ላይ ቆመህ ንብረት የመዘገብከው አንተ ነህ። «ጠረጴዛ አንድ፣ ኳስ ሦስት፣ ስቴካ አራት» እያልክ። አባቴ አልተቀየመህም፤ «ታዘዘ፣ ምን ያድርግ» ነው ያለው። እኔም በዚያ አልተቀየምኩህም። የተቀየምኩህ በጻፍክልኝ ደብዳቤ ነው። ዘመቻ ላይ ነበርኩ፣ ወለጋ። «ደስ ይበልህ፣ ጠረጴዛው ለአባትህ ተመልሷል፣ ቶሎ ና እንጫወት» አልከኝ። ያንን ወረቀት ይዤ እየዘፈንኩ መጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ለማላውቀው ሰው የጠረጴዛውን ወርድና ቁመት በእጄ እየለካሁ አስረዳሁት። ደርሼ ወደ ቤታችን ልገባ ስል አቅፋችሁ ወደ እናንተ ቤት አስገባችሁኝ፣ ራት አበላችሁኝ፣ አሳደራችሁኝ። ሲነጋ እድርተኛው ተሰብስቦ ገባና አባቴ ከሞተ ወር እንዳለፈው ተረዳሁ። ያ ሰውዬ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል፣ የአውቶቡሱ። ሰውን በደስታ እያስሮጠ ወደ መርዶው የሚወስድ ወንድሜ አይደለም።

ስለዚህ ዙር ነው። ልቃቂትም ነው።

አንድ ነገር ግን ተበላሽቶብኛል። ደብዳቤህን ሳነብላት የልቃቂቱን መስመር መዝለል ረሳሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከራሷ ስማ።

«ታርዬ፣ ይኼ ጌጡ ሞኝ ነው። ፈትል አምጣ ብሎ የሚያስቸግርህ እናትህ ማን እንደሆነች ረስቶ ነው? በሠርጌ የለበስኩትን የፈተልኩት እኔ ነኝ። የአንተንም እኔ እፈትልልሃለሁ። አክስትህ ታየች ጥጥ አምጥታልኛለች፣ ዳምጬ ጨርሻለሁ። ጳውሎስም ሄጃለሁ። ሐኪሙ ልጅ ነው፣ ጥርሱ ያምራል፣ መድኃኒት ሰጠኝ። ሳል ነው አለኝ፤ ሳል መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ። ጭልፊቱ ተመልሶ መጥቶ ነበር፣ በጫማ ወርውሬ ሳትኩት።»

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣
ጌጡ ስብሐት


አሰብ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1974 ዓ.ም.

ጌጡ፣

ምን ብዬ ልጽፍልህ ነበር? «አባትህ ሞተዋል» ብዬ? የሚይዝህ ሰው በሌለበት፣ ጭቃ ላይ ተቀምጠህ ብቻህን እንድታነበው? ሽማግሌዎቹ «የሚያስመጣውን ነገር ጻፍ» አሉኝ። ታመዋል ብል መንገዱን ሙሉ እያለቀስክ ትመጣለህ። ሳታለቅስ ከወለጋ የሚያስነሳህ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱን ጻፍኩ። ዛሬም ቢሆን እጽፈዋለሁ። ይቅርታ እየጠበቅክ ከሆነ እዚያው ጠብቅ።

አሁን ቁም ነገሩን ስማ። እናቴን እንዳትፈትል ከልክላት። የጥጥ ብናኝ ለሚስል ሰው ምን እንደሚሆን ሐኪም መጠየቅ አያስፈልግም። እኔን ለማራቅ ብለህ ባወጣኸው ደንብ የታመመች ሴት እንዝርት አስያዝክ። ብልህ ነኝ ብለህ ነበር። ይኸው ብልሃትህ የት እንደወደቀ እየው። አንድ ነገር ብትሆን ከራስህ አልወርድም ጌጡ፣ ከአሰብ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ።

እማዬን «ልቃቂቱ ይቅርብኝ፣ እሱ የሚለውን ከፍዬ እገባለሁ» ብሏል በላት። እንደኔ አድርገህ በላት፤ እንደ አንተ አታድርገው።

ታረቀኝ


ጉለሌ፣ ሐምሌ 26 ቀን 1974 ዓ.ም.

ታረቀኝ፣

ከልክላት ትለኛለህ። እናትህን ታውቃታለህ ወይስ አታውቃትም? እንዝርቷን ደበቅኩባት፤ ታየችን ልካ ሌላ አስገዛች። ጥጡን ወሰድኩባት፤ ትራሷን ቀዳ ከውስጡ ማውጣት ስትጀምር መለስኩላት። አሰብ ተቀምጦ ትእዛዝ መስጠት ቀላል ነው።

ክረምቱ ከብዷል። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ የጓሯችሁን አጥር ወስዶት ነበር፣ መልሼ አቁሜዋለሁ። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ፣ ውሃው ወደ እኛም ስለሚገባ ነው። ሳሏ አልተዋትም። ጳውሎስ ለሁለተኛ ጊዜ ወስጃታለሁ፣ ዳገቱን ደግፌ አውጥቻት። አሁን አብዛኛውን ጊዜ አልጋ ላይ ናት። እንዲህ ብዬ የምጽፍልህ አንተን ለማስደንገጥ አይደለም፣ እሷ «ደህና ናት ብለህ ጻፍ» ብትለኝም አልዋሽልህም፤ የውሸት ደብዳቤ የአንተ ሙያ ነው።

ፈትሉ ወፍራም ነው። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ቋጠሮ በዝቶበታል። «ይህን ሾዴ አይቀበለውም፣ ኳስ ያቆማል» አልኳት። «የአንተን ኳስ ያቁም» አለችኝና እስኪያስላት ሳቀች። ግማሽ ደርሷል። ደንቡ ደንብ ነው፤ ሙሉ ካልሆነ አልመዘግብህም፣ ለእሷም ነግሬያታለሁ።

«ታርዬ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው እየጮህኩ ነው የማጽፈው፣ ጌጡ ደግሞ አይሰማም ወይም አልሰማም ይላል። ስትመጣ ነጩን ሸሚዝህን ይዘህ ና፣ እተኩስልሃለሁ። በላብ ቢጫ ሆኗል ብለህ እንዳትተወው፣ የሚያስለቅቀውን አውቃለሁ። ጫጩቶቹ አድገዋል፣ አንዱ አውራ ነው፣ ለአንተ አስቀምጬዋለሁ። ይኼን ልጅ አትጥላው። ዳገቱ ላይ ሲደግፈኝ ሁሉ ይሳደባል፤ አንተን፣ ጭቃውን፣ ጓድ ቶሎሳን። እየተሳደበ ግን አልለቀቀኝም።»

የመጨረሻውን መስመር ካልጻፍክ ስላለችኝ ነው የጻፍኩት።

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣
ጌጡ ስብሐት


አሰብ፣ ነሐሴ 10 ቀን 1974 ዓ.ም.

ጌጡ፣

አልጋ ላይ ያለች ሴት የፈተለችውን «ግማሽ ነው» ብለህ ትለካለህ። አንተን ሰው ያደረገህ ማን ነው? አለቃዬ እስከ ወሩ መጨረሻ ወረቀቱን ካላየ ፈቃዱን ለሌላ ሠራተኛ እንደሚሰጥ ነግሮኛል። የአንተን ዙር፣ የአንተን ልቃቂት፣ የአንተን ቂም የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም። ለጓድ ቶሎሳ በቀጥታ እጽፋለሁ፤ የክበቡ ኃላፊ ውድድሩን ለግል ጠቡ እያዋለው ነው እላለሁ፤ ከዚያ ኃላፊነትህንም ጠረጴዛህንም እናያለን።

እናቴን ደግሞ «ይበቃል፣ አሁን ተኚ» በልልኝ። ሌላ ምንም አትጨምር።

ታረቀኝ


ጉለሌ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1974 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ታረቀኝ፣

እንዴት ሰንብተሃል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ዝናቡም ጋብ ብሏል።

ከጓድ ቶሎሳ ጋር ተነጋግረን ያቀረብከው ሐሳብ ትክክል ሆኖ አግኝተነዋል። ውድድሩ በጥሎ ማለፍ ይሆናል። መስከረም 9 ይጀመርና በሦስት ቀን ያልቃል። የመጀመሪያውን ጨዋታ ያለ ተጋጣሚ ታልፋለህ። ልቃቂቱም ለአንተ ቀርቶልሃል፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው መግቢያ አይጠየቅም ተብሏል። የጥሪው ወረቀት ከነማህተሙ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። ቀደም ብለህ ብትመጣ ሁላችንም ደስ ይለናል።

እናትህ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች።

ወንድምህ
ጌጡ


አሰብ፣ ነሐሴ 29 ቀን 1974 ዓ.ም.

ጌጡ፣

ይህን ደብዳቤ አውቀዋለሁ። ወለጋ ሳለህ የጻፍኩልህ እኔ ነኝ።

ጥሎ ማለፍ ሰጠኸኝ። ያለ ተጋጣሚ አሳለፍከኝ። ልጆች ሳለን አንዲት ብይ ያልለቀቅክልኝ ሰው! ወንድሜ አልከኝ፣ ወንድምህ ብለህ ፈረምክ። ስድብ ፍለጋ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። እናቴ ሰላም ብላ ዝም የምትል ሴት ናት? አውራው ዶሮስ? በሩስ? ነጩ ሸሚዜስ? ከሁሉም በላይ ልቃቂቱ ቀርቷል ትለኛለህ። እናቴ እጇ እየተንቀሳቀሰ የእኔ ልቃቂት አይቀርም ጌጡ። አንተ ብትተወው እሷ አትተወውም፣ ትራሷን ቀዳ ትፈትለዋለች።

እለምንሃለሁ፣ ስደበኝ። ማህተሙን መልስ በለኝ። ለጓድ ቶሎሳ ከሰስከኝ ብለህ ተቆጣ፤ እኮ ከስሼሃለሁ፣ ለምን አልተቆጣህም? እንደ ድሮው ሙልጭ አድርገህ ስደበኝና ከሥር የእናቴን ቃል ጻፍልኝ። ረጅም ይሁን። ቀለም ያስጨርስህ።

ወረቀቱን ለአለቃዬ ሰጥቼዋለሁ። ከሰጠሁት ወዲህ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ታረቀኝ


ጉለሌ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 1974 ዓ.ም.

ታረቀኝ፣

ለአንተ ደግ መሆን እንደማይገባ አውቅ ነበር፣ ተሳስቼ ሞከርኩት፣ ታርሟል። ሰው ሲያከብርህ የምትደነግጥ ከሆነ ክብሩን ተወው። ለጓድ ቶሎሳ የጻፍከውን ክስ አንብቤዋለሁ፤ ስድስት የፊደል ስህተት አለበት፣ በቀይ አስምሬ ክበቡ ውስጥ ልለጥፈው ነበር፣ ሰውየው ከለከለኝ።

ያለ ተጋጣሚ ማለፍ ብሎ ነገር የለም። የመጀመሪያው ተጋጣሚህ እኔ ነኝ፤ ጥሎ ማለፉን ያልሻርኩት አንተን በአንድ ጨዋታ ለመሸኘት ስለሚመቸኝ ነው። መግቢያውም እንደ ማንኛውም ሰው አንድ ልቃቂት ነው። አንተ ከሌላው በምን ትበልጣለህ? ወደብ ላይ ጆንያ ስለቆጠርክ? ስቴካ መያዝ ሳትረሳ አልቀረህም፤ ድሮም የግራ ክርንህ ከፍ ይላል፣ አባቴ ነግሮህ ነበር፣ አልሰማህም። ፈሪ ካልሆንክ ና። ቀደም ብለህ ና።

እናትህ ያለችው ይህ ነው። መቼ እንዳለችው አትጠይቀኝ። ብላዋለች፤ እኔም አንድ ቃል አልጨመርኩም።

«ታርዬ፣ ልቃቂቷ ትንሽ ሳትጎድል አልቀረችም። ጌጡ ይለካታል፤ ይለካት፣ ልማዱ ነው። ሸሚዙን እኔ ባልተኩሰው ታየች ትተኩሰዋለች፣ ግን ኮሌታው ላይ ቸኩላ ነው የምታልፈው፣ ቁምና እያት። አውራውን ዶሮ ለእንቁጣጣሽ እረዱት፣ ካደገ ሥጋው ይጠነክራል። እናንተ ሁለታችሁ ጠረጴዛው ላይ እንደ ልባችሁ ተጣሉ። ስትወጡ ግን ዝናብ ሊኖር ይችላል፣ ያለው ጃንጥላ ደግሞ አንድ ነው፣ በአንድ ጃንጥላ ሂዱ። በሩን አሁን ሠርቶታል። ትናንት ሲሠራው ዋለ፣ ሲጢጥ አይልም። እንዲያውም ዝም ሲል ሰው የገባ አይመስለኝም፣ ድሮውን ይሻል ነበር።»

ልቃቂቷን ለሾዴ አልሰጠኋትም። መስኮቱ ላይ ናት። አልለካኋትም።

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣
ጌጡ ስብሐት፣ የመዝናኛ ክበብ ኃላፊ


አሰብ፣ መስከረም 4 ቀን 1975 ዓ.ም.

ጌጡ፣

ስድብህ ደርሶኛል። ጥሩ ስድብ ነው፣ የለፋህበት ነው። ክርኔን ከፍ አላደርግም፤ እሱን አባትህ የነገሩት ለአንተ ነው።

አለቃዬ ፈቅዶልኛል። ነገ በጭነት መኪና እነሳለሁ፤ ይህን ዛሬ ለሚሄደው ሾፌር ሰጥቼዋለሁ፣ ቀድሞኝ ይደርሳል። ነጩን ሸሚዝ ይዣለሁ።

ልቃቂቷን ለሾዴ ስጠው። ብቻዋን መስኮት ላይ አትቀመጥ። ጎደሎም ብትሆን መግቢያዬ እሷ ናት፣ ተከፍሏል። ከሌላው ፈትል ጋር ከተሸመነች በኋላ የትኛው ክር የማን እንደሆነ ማንም አይለይም። እኔ ግን ኳሱ ሄዶ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ዘግየት ሲል አውቀዋለሁ። በዚያ ጨርቅ ላይ አንድ ቀን እገጥምሃለሁ፣ አልምርህም።

ስደርስ ወደ ቤቴ ልገባ ስል እንደምታቅፉኝ አውቃለሁ። አቀፉኝ። ራት አቅርቡልኝ፣ እበላለሁ። እናንተ ቤት አሳድሩኝ፣ ለምን ብዬ አልጠይቅም። ሰዉ ሲነጋ ይግባ። ሽማግሌ ግን አይናገር፣ ታየችም አትናገር። አንተ ንገረኝ። ሌላው ያባብለኛል፣ አንተ አታባብለኝም። እየተሳደብክም ቢሆን እንደማትለቀኝ እናቴ ጽፋልኛለች።

እስከዚያ የጻፍክልኝን አምኛለሁ። መኪናው ሁለት ቀን ይፈጅበታል፤ ሁለቱንም ቀን እናቴ ደህና ናት።

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣
ታረቀኝ